ዐሥራ አንዱ ብራናና የሙሴ ኢዮብ ቃላት

ደብተራ ገብረኪዳን አንድ ፍች ብቻ ያለው ቃል ሲያይ፣ በጉና ብርድ በነጠላ ብቻ የቆመ ሰው ያየ ያህል ያዝንለታል። ወዲያው ሁለተኛ ፍች ይደርብለታል፤ ሁለተኛው ሳያሞቀው ሦስተኛ ይጨምርለታል።

አመሉን ያመጣው ከመጻሕፍት ጉባኤ ነው። እዚያ የዋለ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መምህሩ አንዱን ቃል ከፈቱ በኋላ «አንድም» ብለው ሌላ ፍች ያመጣሉ፤ ዳግመኛ «አንድም» ብለው ሌላ። ወጉ የተሠራው ለቅዱሳት መጻሕፍት ነው። ገብረኪዳን ግን ለጎረቤት ሰላምታም ይገለገልበታል። አንድ ሰው «እንደምን አደርክ» ካለው፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል፦ «አንድም ጤናዬን ጠየቀኝ፤ አንድም በሬዬን ሊዋስ ፈልጓል፤ አንድም ከእቴነሽ ጋር መጣላታችንን ሰምቷል።» እውነት ለመናገር፣ ብዙ ጊዜ ልክ የሚሆነው ሦስተኛው ነበር።

እቴነሽ ሚስቱ ናት። ጥጥ ስትፈትል እንዝርቷ አይቆምም፤ ስትናገርም እንደዚያው።

ገብረኪዳን ከጋፋት በላይ ባለችው ትንሽ የማርያም ደብር ማሕሌት ይቆማል፣ መጽሐፍ ይጽፋል፤ ስለዚህ አገልግሎቱም ሪም ይዟል። ሪም ማለት ደብሩን ያገለገለ ሰው የሚያርሰው መሬት ነው፤ አገልግሎቱ ሲቀር መሬቱም ይቀራል። የእሱ ድርሻ አንድ ጥንድ በሬ በሦስት ቀን አርሶ የሚጨርሳት ቁራሽ ናት። ገብስም፣ ጤፍም፣ የእቴነሽም ዝምታ የሚገኘው ከእሷ ነበር። ሌላ መሬት አልነበረውም።

ዘመኑ ንጉሡ ጋፋት ላይ ፈረንጆች አስፍረው መድፍ የሚያስቀልጡበት ነው። ከፈረንጆቹ አንዱ የመድፍ መጎተቻ መንኮራኩር የሚሠራ ሽማግሌ ነበር። አንድ ጠዋት ይህ ሽማግሌ መጥረቢያውን ተሸክሞ በደብሩ ቅጥር ውስጥ ካለው ትልቅ ጥድ ሥር ቆመ። ገብረኪዳን መቋሚያውን ይዞ እየሮጠ ደረሰ።

«አንተ ሰው! ይህ የማርያም ጥድ ነው! ለመድፍህ ሌላ እንጨት ፈልግ!»

ሽማግሌው መጥረቢያውን አወረደ። በተሰባበረ አማርኛ «ይቅር በለኝ» አለና፣ ለራሱ ደግሞ በቋንቋው አንዲት ቃል አጉረመረመ።

«ምን አልክ? ሰደብከኝ?»

«አልሰደብኩም። ‹ፎርሱዝ› አልኩ። በእውነት፣ እውነትህን ነው፣ ማለት ነው።»

«ፎርሱዝ» አለ ገብረኪዳን፤ እንደ አዲስ ጠላ አፉ ውስጥ ይዞ ቀመሰው። ከዚያም መቋሚያውን ጥዱ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። «ሌላስ ምን ምን አለህ?»

ወዳጅነታቸው እንዲህ ጀመረ። ጥዱም ተረፈ።

የሽማግሌው ስም በአገሩ አፍ ጆብ ነው፤ ሰው ወደ ኢዮብ መለሰለትና፣ ለፈረንጅ ሁሉ እንደሚባለው «ሙሴ» ጨምሮ ሙሴ ኢዮብ አለው። እንግሊዝ ነበር። ያሳደገው ከመንገድ ርቆ በሚገኝ መንደር የሚኖር አያቱ ነው፤ ያነበበውም ከዚያው አያቱ የወረሰውን ሽፋኑ የወለቀ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ብቻ ነው። ከአገሩ ከወጣ አርባ ዓመት አልፎት ነበር። ስለዚህ አፉ ላይ ያለው ሁሉ የአያቱ ቃል ነው። ጋፋት ያሉት ሌሎቹ ፈረንጆች የሌላ አገር ሰዎች ስለሆኑ፣ ቃልህ አርጅቷል ብሎ የሚነግረው አልነበረም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ገብረኪዳን ከማሕሌት ሲወጣ ወደ መንኮራኩሩ ጥላ ይወርድ ነበር። ሙሴ ኢዮብ እንጨቱን እየላገ ቃል ያቀብለዋል። «የስተሪን» ትናንት ማታ ነው። «ኦቨርሞሮው» ከነገ ወዲያ ነው። «ግራመርሲ» እግዚአብሔር ይስጥልኝ ነው። «ዛው» አንተ ነው፤ «ዪ» ደግሞ ለብዙና ለትልቅ ሰው ነው።

«ጥሩ! አንቱም አላችሁ ማለት ነው» አለ ገብረኪዳን፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንግሊዞችን እንደ ሰው ይቆጥራቸው ጀመር።

ችግሩ አጻጻፉ ላይ መጣ። ገበዝ ጥበቡ፣ የደብሩን ንብረት የሚጠብቁት ቄስ ናቸው፣ በዚያው ዓመት ዐሥራ አንድ የፍየል ብራና ሰጥተውት ነበር። አሮጌው ውዳሴ ማርያም በክረምት ፍሳሽ ስለተበላሸ፣ አዲስ እንዲጽፍ ነው። ገብረኪዳን አንዲት ቃል ብቻ፣ እንዳትጠፋበት፣ በአንዱ ብራና ጠርዝ ላይ ጻፈ። አንዲት ቃል የፍየል ቆዳ አትጎዳም። ግን ቃሏ ብርድ ላይ ቆማ ታየችው።

ሙሴ ኢዮብ ለምሳሌ እንዲህ አለው፦ «‹ሰናይት› ሰባት ሌሊት፣ አንድ ሳምንት ነው።» አበቃ። ገብረኪዳን የጻፈው ግን ይህን ነው፦ «ሰናይት ማለት ሳምንት ነው። አንድም በግእዛችን መልካሚቱ ማለት ነውና፣ መልካሚቱ ሳምንት፣ ሰሙነ ፋሲካ ናት። አንድም ሰባቱ ሌሊቶች ሰባቱ ሰማያት ናቸው። አንድም እንግሊዞች ሳምንትን በቀን ሳይሆን በሌሊት መቁጠራቸው አገራቸው ፀሐይ ስለማያወጣ ነው።»

የመጨረሻውን ሙሴ ኢዮብ ሰምቶ ሳቀ፤ «እርሱስ ልክ ነው» አለ።

በዚህ ዓይነት አርባ የማይሞላ ቃል ዘጠኝ ብራና በላ።

«አንቱ፣ ውዳሴ ማርያሙ የት ደረሰ?» ትላለች እቴነሽ።

«ቀለሙ እየተዘጋጀ ነው።»

«ቀለሙማ ጣትዎ ላይ አለ። ምን እየጻፉበት እንደሆነ ነው የጠየቅኩ። ያን ፈረንጅዎን ዛሬ ምን አስባሉት?»

«‹ስላገበድ› ብሎኛል። ፀሐይ ወጥቶ ከመኝታው የማይነሣ ሰው ማለት ነው። አንድም...»

«አንዱ ይበቃኛል» አለች። ከዚያ በኋላ ይህችን ቃል ብቻ ከቃሎቹ ሁሉ ወደደቻት። አህያዋን ስላገበድ አለች፤ ድመቷን አለች፤ ገበዝ ጥበቡን በሌሉበት አለች። ጠዋት ጠዋት ደግሞ ባሏን፣ አንቱ ብላ፣ በክብር፣ ስላገበድ ትለዋለች።

በሦስተኛው ክረምት ሙሴ ኢዮብ ለሥራው እንጨት ሊመርጥ ወደ ይፋግ ወረደ። እዚያ የቆላ ንዳድ ያዘው። ገብረኪዳን ሞቶ መቀበሩን የሰማው ከሳምንት በኋላ ነው። ያን ቀን ወደ ቤቱ ገብቶ ዐሥረኛውን ብራና ዘረጋ። ሽማግሌው የተናገረውን ሁሉ፣ እንጨት ሲላግ በየመሐሉ የሚላትን «መቲንክስ» ሳይቀር፣ ጻፈው። መቲንክስ ማለት «ይመስለኛል» ነው። ለእሷ ብቻ አንድም አላበጀላትም። ዐሥራ አንደኛውም አለቀ።

በጥር ገበዝ ጥበቡ መጽሐፉን ሊያዩ ቤቱ መጡ። ብራናውን ገለጡ። አንዱን ገጽ፣ ሌላውን ገጽ።

«ገብረኪዳን፣ ‹ዌላዌይ› የሚል በውዳሴ ማርያም የት ነው ያለው?»

«የለም፤ የእንግሊዝ ቃል ነው። ወየው ማለት ነው።»

«ወየው በል እንግዲያስ!» አሉ ገበዝ፤ ብራናውን በብብታቸው ይዘው ወጡ።

በማግሥቱ ጉባኤ ሆነ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አይሆንልኝም። ለመድፍ ከሰል ከየቤቱ ሲለቀም፣ የገበሬው በሬ ከእርሻው ተፈትቶ ብረት ሲጎትት፣ በዚያ ደብር አንድም ጉባኤ አልተጠራም፤ አንድም ቄስ አልጮኸም። ለቃል የዋለ ዐሥራ አንድ የፍየል ቆዳ ሲገኝ ግን ካህናቱ ሁሉ፣ ማሕሌት ላይ ታይተው የማያውቁት ሳይቀሩ፣ ገና ጤዛው ሳይረግፍ ተሰበሰቡ! ገብረኪዳን አጥፍቷል፤ አላስተባብልለትም። ቆዳው የሱ አልነበረም። ግን ከተሰበሰቡት ስንቱ ውዳሴ ማርያሙን ያነብ እንደነበር ማን ይጠይቅ?

ሰብሳቢው የደብሩ አለቃ ፈንታሁን ነበሩ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሰሙ፣ ረጅም ንግግር የሚያማቸው ሽማግሌ። የተቀመጡት ከዚያው ከተረፈው ጥድ ሥር ነው።

«ባጭሩ» አሉ አለቃ። «የማርያምን ብራና አጥፍተሃል ይሉሃል። ካጠፋህ አገልግሎትህ ቀረ፤ ሪምህ ለሌላ ይሰጣል። ምን ትላለህ?»

«አላጠፋሁም አባቴ። አንድም ጠብቄዋለሁ፤ አንድም...»

«ባጭሩ አልኩ።»

«እውቀት ጽፌበታለሁ። ነገ ከፈረንጅ ጋር መነጋገር ሲመጣ፣ ደብራችን ቃሉን ይዛ ትገኛለች።»

«ቃሉ የፈረንጅ ለመሆኑ ማን ይመሰክራል?» አሉ ገበዝ። «አስተማሪህ ሞቷል። ከራስህ የፈጠርከው ቢሆንስ?»

ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነበር። በጉባኤ ቤት «ከማን ተቀበልክ?» ለሚለው መልስ የሌለው ሰው ያወቀው ሁሉ ነፋስ ነው። ገብረኪዳን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ገረጣ።

አለቃ ፈንታሁን ዓይናቸውን ሳይከፍቱ ፈረዱ፦ «ደብረ ታቦር አንድ ወጣት እንግሊዝ በእንግድነት ሰንብቷል ይባላል። እርሱ መጥቶ ይስማ።»

ወጣቱ በሦስተኛው ቀን መጣ። በየአገሩ እየዞረ ወፍና ድንጋይ፣ አሮጌም ዕቃ የሚሰበስብ፣ ጺሙ ገና ያልሞላ ጌታ ነበር። ዘውዱ የሚባል፣ ምጽዋ ሦስት ዓመት ኖሮ ቋንቋውን የለመደ አስተርጓሚ ይዟል። ገብረኪዳን ነጭ ጥምጥሙን አሳምሮ፣ መቋሚያውን ተክሎ ጠበቀው። እቴነሽ ከሴቶቹ ጋር በቅጥሩ በር ቆማ፣ እንዝርቷን ይዛ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳታዞረው ትመለከታለች።

«ሄይል ቱ ዚ፣ ጉድ ሰር!» አለ ገብረኪዳን በዜማ ድምፁ። «ካም ሂዘር፣ አይ ፕሬይ ዚ!» ሰላም ለአንተ፤ እባክህ ወደዚህ ቅረብ፣ ማለቱ ነው።

ወጣቱ አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ መሳቅ ጀመረ፤ ሳቁ አልቆም ብሎት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ባርኔጣው ወደቀ። ዘውዱም ምን እንደሚያስቅ ባይገባው፣ ለማንኛውም ብሎ ሳቀ።

«ምን ይላል?» አሉ አለቃ።

«ጌታዬ የሚሉት» አለ ዘውዱ፣ «ቃሉ የኛው ቋንቋ ነው። ነገር ግን የአያቴ አያት የሚናገሩት ነው። ዛሬ እንዲህ የሚል የለም፤ ከመቃብር የተነሣ ሰው ያነጋገረኝ መሰለኝ፣ ይላሉ።»

«ሰማችሁ!» ገበዝ ጥበቡ ብድግ አሉ። «የማርያምን ብራና ለሞተ ቃል!»

ገብረኪዳን ግን ቃሉ እውነተኛ መባሉን እንጂ መሞቱን አልሰማም። ወደ ዘውዱ ዞረ። «ቆይ፣ ዛሬ ‹አንተ› ሲሉ ምን ይላሉ?»

«‹ዩ› ይላሉ።»

«‹አንቱ›ስ?»

«እርሱም ‹ዩ› ነው። ለሁሉ አንድ ነው።»

«ለውሻስ?»

ዘውዱ ጠየቀ። ወጣቱ ግራ ተጋብቶ መለሰ።

«ለውሻም ‹ዩ›።»

«እግዚኦ!» አለ ገብረኪዳን። «‹ዛው›ን ጣሉና ውሻቸውን አንቱ ይሉ ጀመር! ከነገ ወዲያስ? ‹ኦቨርሞሮው›ስ አለ?»

«እሱም ቀርቷል። ‹ከነገ ቀጥሎ ያለው ቀን› ነው የሚሉት።»

«እንግዲህ ፍረዱ! ከነገ ወዲያ የሚል ቃል የሌለው አገር እንዴት አድርጎ ቀጠሮ ይይዛል?»

ካህናቱ ሳቁ። አለቃ ፈንታሁን አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

«አባቴ፣ የሞተ ቃል ነው አሉኝ። ውዳሴ ማርያም በምን ቋንቋ ነው? በግእዝ አይደለም? ገበዝ ጥበቡ በሬያቸውን በግእዝ ሲቆጡ የሰማ አለ? ሰው በገበያ ስላልተናገረው ቃል ከረከሰ፣ እኛ ሁላችን ምን ልንሠራ እዚህ ቆመናል?»

«በሬዬን ከዚህ አታስገባብኝ!» አሉ ገበዝ።

ወጣቱ እንግሊዝ በዚህ መሐል ብራናውን ተቀብሎ፣ ዘውዱ ፊደሉን እያነበበለት ይሰማ ነበር። አንዲት ቃል ላይ ሲደርሱ ሳቁ ቆመ። ደግመህ በል አለው። «ስላገበድ» አለ ዘውዱ። ወጣቱ ባርኔጣውን አነሣና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ጠዋት ጠዋት አያታቸው መጋረጃውን እየከፈቱ እንዲህ ይሏቸው ነበር» አለ ዘውዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከሞቱ ወዲህ አልሰማሁትም፣ ይላሉ።»

ከሴቶቹ በኩል እቴነሽ ትልቅ ድምፅ አውጥታ አፍንጫዋን ጠረገች።

የሚቀጥለው ግን የወጣቱን ደግነት ሁሉ አበላሸው። ብራናውን ወደደው፤ የወደደውን ደግሞ መውሰድ ለምዷል። ብራናውን ከሰጣችሁኝ፣ አለ በዘውዱ አፍ፣ ለቤተ መቅደሳችሁ መጋረጃ የሚሆን ቀይ የከፋይ ጨርቅ እሰጣለሁ። ከፋዩንም ተሸክሞት ከመጣው በቅሎ ላይ አስወርዶ ዘረጋው። ፀሐዩ ሲያርፍበት እንደ ፍም በራ።

ከፋዩ እንደተዘረጋ፣ የሞተው ቃል ወዲያው ትንሣኤ አገኘ። ገበዝ ጥበቡ ጨርቁን በጣታቸው እየዳሰሱ «እንግዲህ እግዚአብሔር በፈረንጅም ያመጣል፤ ገብረኪዳንም ሪሙን ይያዝ» አሉ። ካህናቱ «ይያዝ፣ ይያዝ» አሉ። ያ ሁሉ ቁጣ የት ገባ? እኔ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የቤታችንን ነገር የምናከብረው ሌላ ሰው ሊወስደው እጁን ሲዘረጋ ነው፤ ያን ጊዜም የምናከብረው ልንሰጠው ነው።

ሁሉም ገብረኪዳንን አየው። «እሺ» ቢል መሬቱ ተረፈች። እቴነሽ በሩ ላይ ናት፤ የዓመት ገብሷ በዚህ ቃል ላይ ተንጠልጥሏል።

ገብረኪዳን ከከፋዩ ወደ አለቃ ዞረ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ቆዳው የማርያም ነው። ቃሉ የሙሴ ኢዮብ ነው። የኔ የሆነ ነገር ቢኖር ‹አንድም› የሚለው ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም በከፋይ አይገዛው። የሰው ንብረት ሰጥቼ መሬቴን አላድንም። ብራናውን መልሱልኝ፤ ፍቄ አጠራዋለሁ፤ እስከ ግንቦት ልደታ ውዳሴ ማርያሙን እጽፍበታለሁ። ካልደረስኩ ሪሜን ውሰዱ።»

«ከፋዩስ?» አሉ ገበዝ በልቅሶ ድምፅ።

አለቃ ፈንታሁን ሁለቱንም ዓይናቸውን ከፈቱ። «ባጭር ተናገረ» አሉ ተገርመው። «እንዳለው ይሁን።»

ወጣቱ ከፋዩን ጠቅልሎ ሄደ። ሲሄድ ግን ጥዱ ሥር ቆሞ ገብረኪዳንን እጅ ነሣውና፣ የሰማትን አንዲት ቃል መለሰለት፦ «ግራመርሲ።»

ከጥር እስከ የካቲት ገብረኪዳን ደጁ ላይ ተቀምጦ ፋቀ። ብራናውን ያርሳል፣ ይወጥራል፣ በቢላዋና በሸካራ ድንጋይ ቀለሙን ያነሣል። እያንዳንዱን ቃል ከመፋቁ በፊት ጮክ ብሎ ሦስት ጊዜ ይለዋል፤ ከብራናው ወጥቶ በቃል እንዲያዝለት ነው፤ ዜማ የተማረውም እንዲሁ ነበር። እቴነሽ አጠገቡ ትፈትላለች።

«የስተሪን፣ ትናንት ማታ። ሰናይት፣ ሳምንት። ሂዘር፣ ወደዚህ። ከሂዘር ቀጥሎ... ከሂዘር ቀጥሎ...»

«‹ትዌይን›፣ ሁለት» አለች እቴነሽ፣ ዓይኗን ከእንዝርቷ ሳታነሣ።

ገብረኪዳን ቢላዋውን አስቀመጠ። «አንቺ ማን አስተማረሽ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮዬን አልሸፈንኩ! ይፋቁ ይልቅ፤ ልደታ ደረሰ።»

መቲንክስ ላይ ሲደርስ ግን እጁ ቆመ። እሷን አንድ ጊዜ ብቻ አላት፤ ከሁሉም ቀስ ብሎ ፋቃት። እቴነሽም ያን ቀን ምንም አልቀለደችም።

የግንቦት ልደታ ዕለት ውዳሴ ማርያሙ ተጠርዞ ደረሰ። አለቃ ፈንታሁን በጥዱ ሥር ተቀምጠው አገላበጡት። ጽሕፈቱ እንደ ተተከለ ችግኝ በመስመር ቆሟል። ገበዝ ጥበቡ በአለቃ ትከሻ ላይ አንገታቸውን አስግገው ስሕተት ፈለጉ፤ አጡ። አለቃ አንድ ገጽ ላይ ግን ቆሙ። ከግእዙ ሥር፣ ድንጋዩ ያላነሣው የቀለም ጥላ፣ እንደ ደረቀ እንባ ይታያል።

«ይህ ምንድን ነው?»

ገብረኪዳን ጎንበስ ብሎ አየ። «ግራመርሲ ነው አባቴ። አልለቅ ብሎኝ ነው።»

«ምን ማለት ነበር?»

«ግራመርሲ ማለት... አንድም...»

«አንዱን ብቻ!» አሉ አለቃ። «አንዱን ብቻ ነግረኸኝ መሬትህን ይዘህ ሂድ።»

ደብተራ ገብረኪዳን ከንፈሩን ነከሰ። ደጅ የቆሙ ሦስት ፍቾች ሲገፉት፣ ሲገፉት፣ ግንባሩ ላብ አወጣ። በመጨረሻ አንዲቱን ብቻ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ ብርድ ላይ አወጣት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ ማለት ነው።»

«አሜን» አሉ አለቃ፤ መጽሐፉን ተሳለሙና ዘጉት። «እርሱስ በውዳሴ ማርያም ሥር ቢኖር ምን ይጎዳል?»

ባልና ሚስት ቁልቁለቱን ወረዱ። ቅጥሩን አልፈው፣ ወንዙ ዘንድ እስኪደርሱ ገብረኪዳን አንድ ቃል አልተናገረም። ድንጋይ ለድንጋይ ሲሻገሩ፣ መሐል ላይ፣ ከዚያ በላይ አላስቻለውም።

«አንድም» አለ።

«ይሻገሩ አስቀድመው» አለች እቴነሽ። «ወዲያ ማዶ ሦስቱንም እሰማለሁ።»